ሲቆሙ ይተዋል ወይስ ሲቀመጡ?

አዲስ አበባ ውስጥ ከለገሃር ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚወጣው ቸርችል ጎዳና ጤነኛውንም ትንፋሽ ያስቆጥራል። በዚህ መንገድ ላይ ሁለት ሰዎችን እናስብ። አንደኛው የ62 ዓመት ጡረተኛ ናቸው፤ ሲጋራ ሠላሳ ዓመት አጭሰዋል። ዳገቱን ጥቂት እንደ ወጡ ቀኝ ባታቸውን ጭምድድ አድርጎ ይይዛቸዋል። አላፊ አግዳሚው እንዳይታዘባቸው የሱቅ መስታወት የሚያዩ መስለው ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ሕመሙ ይለቃቸዋል። እንደገና ይራመዳሉ፤ ያንኑ ያህል እንደ ሄዱ እንደገና ይይዛቸዋል። ጀርመኖች ይህን በሽታ «የሱቅ መስኮት በሽታ» ብለው የሚጠሩት በከንቱ አይደለም።

ሁለተኛዋ የ68 ዓመት እናት ናቸው። ዳገቱን ጎንበስ ብለው ሲወጡት ብዙም አይከብዳቸውም። መከራው ቁልቁለቱ ላይ ነው። ከወገባቸው ጀምሮ በመቀመጫቸው በኩል አልፎ ሁለቱም እግራቸው እየከበደ፣ እየደነዘዘ ይመጣል። ቢቆሙም አይተዋቸውም፤ እንዲያውም ይብስባቸዋል። የሚተነፍሱት የአጥር ግንብ ጠርዝ አግኝተው ቁጭ ሲሉ ነው።

ማታ ቤታቸው ሲገቡ ሁለቱም የሚሉት «እግሬን ቆረጠመኝ» ነው። መልሱም ለሁለቱም ያው ነው። ጎረቤት «ብርድ ነው» ይላል፤ ልጅ «ዕድሜ ነው» ይላል፤ ሌላው «ነርቭ ነው» ብሎ የቫይታሚን መርፌ ያስወጋል። የእናትየዋ በእርግጥም ነርቭ ሊሆን ይችላል። የጡረተኛው ግን የደም ቧንቧ ሳይሆን አይቀርም፤ የእግር ቧንቧው የጠበበ ሰው ደግሞ የልቡና የአንጎሉ ቧንቧም ሊጠብ ስለሚችል ጉዳዩ ከባት ሕመም ያልፋል።

ሁለቱን ለመለየት ብዙ ሰው የሚጠይቀው «የት ጋ ነው የሚያምህ?» ብሎ ነው። ጥያቄው አይከፋም፤ ግን ያሳስታል። ባት በሁለቱም ይታመማል፤ መቀመጫና ጭንም እንደዚሁ። የሚሻለው ጥያቄ «ምን ስታደርግ ይተውሃል?» የሚለው ነው።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት የእግርን ሥራ ማሰብ ይበቃል። የሚራመድ ጡንቻ ካረፈ ጡንቻ እጅግ የበዛ ደም ይፈልጋል። ደም ቅዳ የሚባለው፣ ከልብ ወደ አካል ደም የሚያደርሰው ቧንቧ፣ ግድግዳው ላይ ስብና ካልሲየም ሲጋገርበት ይጠባል። ለተቀመጠ ሰው እግር የሚበቃውን ደም ያሳልፋል፤ ዳገት ለሚወጣ ግን አያደርስም። ጡንቻው ኦክስጅን ሲያጥረው ያማል፤ እርምጃው ሲቆም ፍላጎቱ ይቀንሳል፣ ሕመሙም ይበርዳል። ባለቤቱ ቆሞ ይሁን ተቀምጦ ጡንቻው ጉዳዩ አይደለም። ሥራ ማቆሙ ብቻ ይበቃዋል።

ነርቩ ላይ ግን ነገሩ የሚወሰነው ወገብ ላይ ነው። ወደ እግር የሚወርዱት የነርቭ ሥሮች በታችኛው የወገብ አጥንቶች መሐል ባለ ቦይ ውስጥ ያልፋሉ። ዕድሜ ሲገፋ በአጥንቶቹ መሐል ያሉት ዲስኮች ይሟሽሻሉ፣ መገጣጠሚያዎቹ ይወፍራሉ፣ ከኋላ ያለው ጅማት ይደድራል፤ ቦዩም ይጠባል። ሰው ቀጥ ብሎ ሲቆም ወገቡ ወደ ኋላ ስለሚጎብጥ የጠበበው ቦይ ይብስ ይጠባል። ጎንበስ ሲል ወይም ሲቀመጥ ይከፈታል። እናትየዋ ቆመው ቢጠብቁም የማይተዋቸው ለዚህ ነው፤ መራመዱን ቢያቆሙም የወገባቸው አቋም አልተለወጠም።

የሕክምናው ዓለም ሁለቱን ሕመሞች ለመለየት ጊዜ ፈጅቶበታል። የመጀመሪያው ታማሚ ፈረስ ነበር። በ1831 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቡሌ የሚባል ፈረንሳዊ የእንስሳት ሐኪም ጥቂት እንደ ሄደ የሚያነክስ፣ ሲያርፍ የሚሻለው ፈረስ ገጠመው፤ ከሞተ በኋላ ሲታይ ወደ ኋላ እግሮቹ የሚወርዱት የደም ቅዳዎች ተደፍነው ተገኙ። የደብረ ዘይት ወይም የሞጆ ባለ ጋሪ ቢሰማው ወዲያው የሚገባው ታሪክ ነው። በ1858 ዣን ማርታን ሻርኮ ይኸው ነገር በሰው ላይ እንዳለ ገለጸ። ሐኪሞች እስከ ዛሬ «ክላውዲኬሽን» የሚሉት ቃልም ከላቲን የመጣ ሲሆን ማነከስ ማለት ነው። የወገቡ ቦይ ተራ የደረሰው ግን ዘግይቶ ነው፤ የዩትሬክቱ የነርቭ ቀዶ ሐኪም ሄንክ ፈርቢስት በ1954 ባሳተመው ጽሑፍ ተኝተው ሲመረመሩ ደህና የሚመስሉ፣ ሲቆሙና ሲራመዱ ግን እግራቸው የሚከዳቸውን ሰዎች ከቦዩ መጥበብ ጋር አያይዞ አሳየ።

ሙከራ የማያስፈልገው እግር

ሁለቱን ሕመሞች ለመለየት ቤት ውስጥ ሊደረግ የሚችል ሙከራ አለ፤ ከእሱ በፊት ግን አንድ ማጣሪያ አለ። እግር በድንገት ከቀዘቀዘ፣ ከገረጣ፣ ከደነዘዘና አልንቀሳቀስ ካለ ደም ቅዳው በደም ጓል ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ጡንቻና ነርቭ ያለ ደም የሚቆዩት ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ስለሆነ «እስኪ ነገ እንየው» አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው።

በወገቡ በኩል ያለው አስቸኳይ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ኮርቻ የሚነካው ቦታ፣ ማለትም በጭኖች መሐልና በፊንጢጣ ዙሪያ፣ መደንዘዝ ከጀመረ፤ ሽንት አልወጣ ካለ ወይም ሳይታወቅ ካመለጠ፤ ሁለቱም እግሮች በፍጥነት ከደከሙ የነርቭ ሥሮቹ ክፉኛ ተጨምቀዋል ማለት ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው የሽንቱን ነገር ለማውራት ያፍርና የወገቡን ብቻ ይናገራል። ሐኪሙ ሌሊትም ቢሆን እንዲነሳ የሚያደርገው ግን የሽንቱ ወሬ ነው።

አንድ እግር ብቻ አብጦ፣ ሞቆ፣ ባቱ ሲነካ የሚያም ከሆነ፣ በተለይ ከረጅም በረራ ወይም ከቀዶ ጥገና በኋላ፣ በደም መልሱ፣ ማለትም ደምን ወደ ልብ በሚመልሰው ቧንቧ፣ ውስጥ የረጋ ደም ይጠረጠራል። እንዲህ ያለው እግር ወጌሻ ዘንድ ሄዶ አይታሽም፤ የረጋው ደም ተነቅሎ ሳንባ ሊገባ ይችላል። በእግር ጣት ወይም በተረከዝ ላይ አልድን ያለ ቁስል ያለው፣ ወይም ሌሊት ጣቶቹን አሞት እግሩን ከአልጋው ቁልቁል ሲያንጠለጥል ብቻ የሚቀልለው ሰውም ቀጠሮ ሳያበዛ በቀናት ውስጥ መታየት አለበት።

ከእነዚህ ውጭ ለሆነ፣ ቀስ እያለ ለመጣ ሕመም የሚከተለው ይሠራል።

መቁጠር

መጀመሪያ ሦስት ወይም አራት ቀን ይመዝግቡ። ደብተር ከሌለ ስልክ ይበቃል። በአንድ በሚያውቁት ሜዳ መንገድ በተለመደው እርምጃዎ ይሂዱና ሕመሙ የጀመረበትን ቦታ በመብራት ምሰሶ ቁጥር ይያዙት፤ ስንት ደቂቃ እንደሆነም ይጻፉ። የትኛው እግር፣ ከየት ጀምሮ ወዴት፣ ስሜቱ ምን ዓይነት እንደሆነ በራስዎ ቃል ያስፍሩ። አማርኛ ለሕመም የበለጸገ ነውና «ያመኛል» በሚለው ብቻ አይለፉት። ጭምድድ ያደርጋል? ይደነዝዛል? ይነዝራል? ይለበልባል? እግርዎ የሌላ ሰው መስሎ ይከብዳል? ጭምድድ ማድረግና መዛል ወደ ጡንቻና ደም፣ መደንዘዝና መንዘር ወደ ነርቭ ያዘነብላሉ። ማዘንበል ብቻ ነው፤ ፍርድ አይደለም።

በደብተሩ ላይ መታየት ያለበት ዋናው ነገር መደጋገሙ ነው። የደም ቧንቧ ሕመም የሰዓት ያህል ቀጠሮ ያከብራል፤ ዛሬ አራተኛው ምሰሶ ላይ ከያዘ ነገም እዚያው አካባቢ ይይዛል፤ ዳገት ወይም ፍጥነት ከተጨመረበት ቀድሞ ይመጣል። የወገቡ ቦይ ሕመም ግን እንደ ቀኑ ነው። ሰኞ ሁለት ምሰሶ ሳያስኬድ ይይዛል፣ ረቡዕ ገበያ ደርሶ መምጣት ይቻላል።

መቆም

አሁን ወደ ዋናው ሙከራ። ሕመሙ ሲይዝዎ ይቁሙ። አይቀመጡ፤ ግድግዳ፣ አጥር፣ ከዘራ አይደገፉ፤ እጅዎን ጉልበትዎ ላይ አያድርጉ። ብዙ ሰው ሙከራውን የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ «ቆሜ ተወኝ» ይላል፤ ሲጠየቅ ግን አጥሩ ላይ ተደፍቶ ነበር። መደፋት ደግሞ ለወገብ ከመቀመጥ አይተናነስም። ስለዚህ ቀጥ ብለው ቆመው የስልክዎን ሰዓት ይዩ።

በጥቂት ደቂቃ፣ ቢበዛ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ከተወዎት ወደ ደም ቧንቧ ያመለክታል። ቆመው እያሉ ካልተወዎት ወይም ከባሰብዎ ደግሞ ይቀመጡና ደረትዎን ወደ ጉልበትዎ ዘንበል ያድርጉ። ያን ጊዜ ከቀለለዎት ጥርጣሬው ወደ ወገብ ይሄዳል። በዚህ በኩል እረፍቱ ዘገም ይላል፤ ድንዛዜው ጨርሶ እስኪለቅ ሩብ ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል።

በ2013 በካናዳ የቀዶ ሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ምልክቶቹን አንድ በአንድ ፈትሾ ብቻቸውን ብዙም እምነት የማይጣልባቸው ሆነው አግኝቷቸዋል፤ ሲደመሩ ግን ይናገራሉ። ከጉልበት በታች የሚያምና ቆሞ ብቻ የሚተው ሕመም ጠንካራ የደም ቧንቧ ምልክት ሆኖ ተገኘ። በመቆም ብቻ የሚነሳ፣ በመቀመጥ የሚተው፣ ከጉልበት በላይ የሚሰማና የገበያ ጋሪ ሲገፉ የሚቀል ደግሞ የነርቩ ወገን ነው።

ሳይራመዱ መታመም

ለዚህኛው ማስረጃ አዲስ ሙከራ አያስፈልግም፤ የቅርብ ጊዜ ትዝታ ይበቃል። ቅዳሴ ላይ ምን ይሰማዎታል? ሰዓታት በሚፈጀው ቅዳሴ አንድ ቦታ የቆመ ሰው ባቱ ብዙም እየሠራ አይደለም፤ ስለዚህ የደም ቅዳ ጥበት በመቆም ብቻ ያን ጭምድድ የሚያደርግ ሕመም አያመጣም። ወገቡ የጠበበ ሰው ግን ገና ወንጌል ሳይነበብ መቋሚያው ላይ ይደፋል፤ ሲሰግድ ደግሞ ይቀለዋል። የመስጊድ ሰው ከሆነ ቂያሙ (መቆሙ) ከብዶት ሩኩዑ (ማጎንበሱ) ሊያሳርፈው ይችላል።

ወጥ ቤትም ይመሰክራል። ከላይ ያሰብናቸው እናት ግማሽ ቀን በርጩማ ላይ ተቀምጠው ምጣዱ ላይ ዘንበል እንዳሉ እንጀራ ይጋግራሉ፤ እግራቸው ምንም አይላቸውም። የታክሲ ሰልፍ አሥር ደቂቃ ሲያቆማቸው ግን እንባ እንባ ይላቸዋል። ልጆቻቸው ይህን ሲያዩ «ሥራ ሲሆን አያማት፣ ሰልፍ ሲሆን ያማታል» ብለው ሊስቁ ይችላሉ። አይሳቅም። በርጩማው ቦዩን ይከፍታል፣ ሰልፉ ይዘጋዋል። ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ከየትኛውም ምርመራ በፊት መነገር ያለበት ይህ የበርጩማና የሰልፍ ነገር ነው።

ዳገት፣ ጋሪ፣ ብስክሌት

የዳገቱ ምልክት መጀመሪያ ላይ ተነግሯል። ዳገት ጡንቻን ያሠራል፤ ደም ያጠረውን ባት ቶሎ ይይዛል። ቁልቁለት ሰውነትን ወደ ኋላ ስለሚያስለጥጥ ወገብን ይጨምቃል። በሚኖሩበት ሰፈር አንድ ደህና ተዳፋት ካለ መውጣቱንና መውረዱን ለየብቻ በደቂቃ ይለኩት። ጉልበቱ የተበላ ሰውም ቁልቁለት ስለሚከብደው ሕመሙ ጉልበት መገጣጠሚያው ላይ ብቻ ከሆነ ይህን ሙከራ ይዝለሉት።

ልጆቻቸውን ሊጠይቁ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ፣ የሄዱ ወላጆች አንዳንዴ ቤተሰቡን ግራ ያጋባሉ። ከመኪና ማቆሚያው እስከ ሱፐርማርኬቱ በር አልሄድ ያለው እግር፣ ውስጥ ገብተው ጋሪ መግፋት ሲጀምሩ ሙሉ መደብሩን ያዞራቸዋል። ሐኪሞች «የጋሪ ምልክት» ይሉታል። ጋሪው መደገፊያ ብቻ አይደለም፤ ወገብን ጎንበስ ያደርጋል። አዲስ አበባ ውስጥ ጋሪ በማይገፋበት ሰፈር ዝቅ ያለ ከዘራ ያንኑ ሥራ ይሠራል። የማይንቀሳቀስ ብስክሌት ያለበት ጂም ከተገኘም ጎንበስ ብለው ይጋልቡ፤ በእግር አምስት ደቂቃ የማይሄድ ሰው ብስክሌቱን ሃያ ደቂቃ ሳያመው ከመታ ችግሩ ከባቱ ደም ይልቅ ከወገቡ ነው ለማለት ያስደፍራል። የልብ ሕመም ያለበት ግን ይህን ያለ ሐኪም ፈቃድ አይሞክር።

ካልሲን አውልቆ ማየት

ብዙ የእግር ሕመም ካልሲ ሳይወልቅ ተመርምሮ አልቋል። እርስዎ ያውልቁ። ሁለቱን እግሮች ጎን ለጎን አድርገው በብርሃን ይዩ። አንዱ ከሌላው ይቀዘቅዛል? ቅልጥሙ ላይ የነበረው ጸጉር ረግፎ ቆዳው አብረቅርቋል? ጥፍሮቹ ወፍረው ማደግ አቁመዋል? በጣቶች መሐል የተደበቀ ቁስል አለ?

ቀጥሎ የልብ ትርታን በእግር ላይ መፈለግ ነው። ይህን ለብቻ ከማድረግ ሌላ ሰው ቢያደርገው ይሻላል። የሚፈትሹት እርስዎ ከሆኑ ታማሚው የእግሩን አውራ ጣት ወደ ላይ እንዲያነሳ ይንገሩት፤ በእግሩ መዳፍ ጀርባ ላይ አንድ ጅማት ተወጥሮ ይታያል። ከጅማቱ ወደ ትንሿ ጣት በኩል ጥቂት ፈቀቅ ብለው ሁለት ወይም ሦስት ጣቶችዎን ቀስ አድርገው ያሳርፉ። በአውራ ጣትዎ አይንኩ፤ የራስዎን ትርታ የእሱ አድርገው ይቆጥሩታል። አጥብቀው አይጫኑ፤ ትርታው ይጠፋል። ሁለተኛው ቦታ ከውስጠኛው የቁርጭምጭሚት አጥንት ኋላ፣ በአጥንቱና በተረከዝ ጅማት መሐል ነው። አንዴ ከተገኘ በእስክሪብቶ ነጥብ ያድርጉበት፤ በሁለተኛው ቀን ፍለጋው ይቀልላል።

በመጀመሪያ ሙከራ አለማግኘት አያስደንግጥ። የመዳፍ ጀርባው ትርታ በአንዳንድ ፍጹም ጤነኛ ሰዎች ላይ ጭራሹን አይገኝም፤ ያበጠ እግርም ይደብቀዋል። ሁለቱም ቦታ ላይ ከጠፋ፣ ወይም በአንዱ እግር ጎልቶ በሚያመው እግር ከሌለ ግን ቁም ነገር ነው።

አንድ ሌላ ነገርም መሞከር ይቻላል። ሰውየው በጀርባው ይተኛና እግሮቹን ለአንድ ሁለት ደቂቃ ከፍ አድርገው ይያዙለት። በጥቁር ወይም በጠይም ቆዳ ላይ ለውጡ ከላይ አይታይምና ውስጥ እግሩን ይመልከቱ። ደም ያጠረው እግር እንደ ወረቀት ይነጣል። ከዚያ ቁጭ ብሎ እግሩን ሲያንጠለጥል ቀለሙ ዘግይቶ ይመለሳል፣ ቀጥሎም ጠቆር ወዳለ ቅላት ይለወጣል።

ክንድና ቁርጭምጭሚት

የቤቱ ሥራ እዚህ ያበቃል። ክሊኒክ ሲደርሱ የሚጠየቀው ምርመራ ግን ሰው እንደሚፈራው ውድ ማሽን አይደለም። የደም ግፊት መለኪያና ዶፕለር የሚባል የደም ድምፅ የሚያሰማ ትንሽ መሣሪያ ይበቃሉ። ታማሚው ጥቂት ደቂቃ በጀርባው ተኝቶ ያርፋል፤ ግፊቱ በሁለቱም ክንዶችና በሁለቱም ቁርጭምጭሚቶች ይለካል። የቁርጭምጭሚቱ የላይኛው ቁጥር ለክንዱ የላይኛው ቁጥር ይካፈላል። ክንዱ 140፣ ቁርጭምጭሚቱ 84 ከሆነ 0.60 ይመጣል። ጤነኛ እግር ከ1.00 እስከ 1.40 ድረስ ነው፤ 0.90 እና ከዚያ በታች የደም ቅዳ ጥበት አለ ማለት ነው። በመሐሉ ያለው አጠራጣሪ ነው።

ሁለት ወጥመዶች አሉት። ስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም የቆየበት ሰው ቧንቧው እንደ ሸክላ ስለሚደርቅ መለኪያው አይጨምቀውም፤ ቁጥሩም ከ1.40 በላይ ይወጣና «እሰየው» ያሰኛል። እሰየው አይደለም። እንዲህ ላለው የእግር ጣት ግፊት ይለካል። ሌላው፣ ተኝቶ ደህና የሚሆን እግር አለ፤ ሰውየው ሕመሙ እስኪይዘው ከተራመደ በኋላ እንደገና ሲለካ ቁጥሩ ቁልቁል ይወርዳል። ሐኪሙን «ተራምጄ ይለካልኝ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

በወገቡ በኩል ኤም አር አይ ቦዩን ያሳያል። ነገር ግን ከስድሳ ዓመት በላይ የሆኑ ብዙ ሰዎች ወገብ ጠቦ ይታያል፤ እግራቸውን ግን አያማቸውም። ፎቶው እውነት የሚሆነው ደብተሩ ላይ ካለው ታሪክ ጋር ሲገጥም ነው። ጡረተኛው ኤም አር አይ ቢነሱ «ጥበት አለ» ሊባሉ ይችላሉ፤ ያኔ ማንም እግራቸውን ሳይነካ ወደ ወገብ ቀዶ ጥገና ሊላኩ ይችላሉ። ቀላሉና ርካሹ የእግር መለኪያ ከውዱ ፎቶ መቅደም ያለበት ለዚህ ነው።

ከሁለቱም ያልሆነ

የስኳር ሕመምተኛ እግር በብዛት የሚቃጠለው ከጣቶቹ ጀምሮ፣ በሁለቱም በኩል፣ ማታ ተኝቶ ሳለ ነው፤ መራመድ አለመራመዱ ብዙም አይለውጠውም። ይህ የነርቭ ጫፎች ጉዳት ነው፤ የወገቡ ቦይ አይደለም። አደገኛነቱ የደነዘዘ እግር የደም እጥረቱንም ሕመም መደበቁ ላይ ነው። ሕመሙ ብሽሽት ውስጥ ከሆነና ካልሲ ማድረግ ካስቸገረ የዳሌ መገጣጠሚያ ይታይ። ከመቀመጫ እስከ እግር ጣት በአንድ በኩል እንደ ኤሌክትሪክ የሚወርድ፣ በማሳል የሚብስ፣ ሲቀመጡ ደግሞ የማይቀል ከሆነ ሕዝቡ «ዲስክ መንሸራተት» የሚለው ሊሆን ይችላል፤ እሱ በመቀመጥ ስለሚብስ ከእናትየዋ ሕመም በተቃራኒ ነው። እግሩ ተወጥሮ የሚያብጥና ከፍ ሲደረግ የሚቀል ደግሞ የደም መልስ ጉዳይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የቤት ምክር መታረም አለበት። «እግርህን ትራስ ላይ ከፍ አድርገህ ተኛ» የሚባለው ለደም መልስ መልካም ነው፤ ደም ቅዳው ለጠበበ እግር ግን ያለችውን ጥቂት ደም ይነሳዋል። ጠባብ የሕክምና ካልሲም እንደዚሁ። በሙቅ ውሃ መዘፍዘፍም ለደነዘዘ እግር አይመከርም፤ ተላጦ እስኪነሳ ድረስ ባለቤቱ ላይሰማው ይችላል።

ከተለየ በኋላ

ሕክምናው የሚለያየው ከመነሻው ነው። ጡረተኛው እንዲራመዱ ይታዘዛሉ፤ ያውም እስኪያማቸው። በሳምንት ሦስት ቀን ያህል፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት፣ ሕመሙ መካከለኛ ሲሆን ቆመው፣ ሲተው ቀጥለው፣ ቢያንስ ለሦስት ወር። ጡንቻው ባለው ደም መጠቀም ይለምዳል፤ የሚሄዱበት ርቀትም ይረዝማል። ከዚያ ጋር ሲጋራ ማቆም፣ ኮሌስትሮል የሚቀንስ መድኃኒት፣ አስፕሪን ወይም ተመሳሳዩ፣ ግፊትንና ስኳርን መቆጣጠር አለ። ቧንቧ መክፈት ወይም ማዛወር የሚመጣው እነዚህ ሳይበቁ ሲቀሩ ወይም እግሩ ራሱ ሲያሰጋ ነው። እናትየዋ ደግሞ ወደ ፊዚዮቴራፒ፣ ጎንበስ ብሎ ወደሚሠራ እንቅስቃሴና ሆድና ወገብ ማጠንከሪያ ይላካሉ፤ ካልሆነ ቦዩን የሚያሰፋ ቀዶ ጥገና አለ። የአንዱ መድኃኒት ለሌላው ቢሰጥ ወራት ያልፋሉ፤ እግሩ ያው ነው።

ስለ ሲጋራ ከተነሳ የእንግሊዙን ንጉሥ ጆርጅ 6ኛን ማለፍ ይከብዳል። በ1965 አዲስ አበባን የጎበኙት የንግሥት ኤልሳቤጥ አባት ናቸው፤ ሲጋራ ከእጃቸው አይጠፋም ነበር። በ1948 እግራቸውን ያስጨንቃቸው ጀመር፤ ሐኪሞች ሲያዩአቸው የደም ቅዳ ጥበት ሆኖ ተገኘ፤ ቀኝ እግራቸው እስከ መቆረጥ ያሰጋ ስለነበር የአውስትራሊያ ጉዟቸው ቀረ። በማርች 1949 ጀምስ ሊርሞንዝ የተባለው ቀዶ ሐኪም ቡኪንግሃም ቤተ መንግሥት ውስጥ ወገባቸው ላይ ቀዶ ጥገና አደረገላቸው። ሕመሙ የደም ቧንቧ ነበር፤ የተቆረጠው ግን ነርቭ ነው፦ ቧንቧዎቹን የሚያጠብቡትን ነርቮች በመቁረጥ ደሙ እንደ ልብ እንዲፈስ ለማድረግ። የዚያ ዘመን አማራጭ ይኸው ነበር። በ1951 ግራ ሳንባቸው ወጣ፤ በፌብሩዋሪ 1952 በ56 ዓመታቸው አረፉ።

የቀረው አስቸጋሪው ጉዳይ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገኙ ነው፤ ሁለቱም በዕድሜ የሚመጡ ስለሆኑ ብርቅ አይደለም። እንዲህ ያለው ሰው ደብተሩ እርስ በርሱ ይጋጫል፦ በሰልፍ ላይ ጭኑ ይደነዝዛል፣ ዳገት ላይ ባቱ ይጨመደዳል፤ የመጀመሪያው ሲቀመጥ ይተወዋል፣ ሁለተኛው ቆሞም ይተወዋል። ሁለቱን በሁለት ገጽ ለይቶ መጻፍ ነው። ወገቡ ታክሞ ሰልፉ ከቀለለና ዳገቱ ግን እንደ ድሮው አራተኛው ምሰሶ ላይ ካስቆመ፣ «ቀዶ ጥገናው አልሠራም» ከመባሉ በፊት የግፊት መለኪያው ጨርቅ ከክንድ ወርዶ ቁርጭምጭሚት ላይ ይጠመጠም።